እስቲ ጋሼን አቅምስ

በአገራችን ሰው የመጀመሪያ ፈተናውን የሚቀመጠው ትምህርት ቤት ገብቶ አይደለም፤ ገና በዳዴ ሲሄድ ነው። ፈተናው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ «እስቲ አቅምሰኝ!» ፈታኙ ማንም ሊሆን ይችላል። አያት፣ ጎረቤት፣ የእድር መዋጮ ሊሰበስብ ጎራ ያለ ሰው፣ ታክሲ ውስጥ አጠገብ የተቀመጠ የማይታወቅ ሰውዬ። ልጁ ብስኩቱን ከአፉ አውጥቶ በምራቅ የራሰውን ጫፍ ወደ ፈታኙ ከንፈር ሲዘረጋ ቤቱ በምርቃት ይሞላል። «ጎሽ የኔ ጌታ! ቸር ነው፤ አባቱን ነው የመሰለው!» (እናትየው በዚህ ጊዜ አባትየውን በቆረጣ ታየዋለች።) ልጁ ፊቱን ካዞረ ደግሞ ይግባኝ የለም። «አይ፣ ይሄስ ንፉግ ነው የሚወጣው» ይባላል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው፣ ገና ቀበሌ ሳይመዘግበው፣ በንፉግነት ተመዘገበ ማለት ነው።

የፈተናው ዋና ሕግ ግን የትም አልተጻፈም። ፈታኙ አይበላም። ብስኩቱ ከንፈሩ ጋ ሲደርስ «ም'ም'ም… ሲጣፍጥ!» ብሎ አየር ያኝክና «በል አንተ ብላ» ብሎ ይመልሳል። ልጁም ይህን አሳምሮ ያውቃል። የሰጠው ነገር ሳይጎድል ይመለሳል፤ በላዩ ላይ ጭብጨባ ይጨመርለታል። እንዲህ ያለ ወለድ የሚከፍል ባንክ ቢኖር እኔም ደመወዜን በሙሉ አስቀምጥ ነበር። ስለዚህ ልጆቻችን ቸር ናቸው የምንለው ነገር በዚህ ስምምነት ላይ የቆመ ነው፤ እነሱ ይሰጣሉ፣ እኛ አንበላም።

ይህ ስምምነት በእኛ ቤት በጊፋታ ሰሞን ፈረሰ።

ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ በመስከረም አጋማሽ በሚውል እሑድ ይከበራል። በዚያ ሰሞን የወላይታዋ ሶዶ ከተማ ሰው ይበዛባታል። አዲስ አበባ ያለው፣ ሐዋሳ ያለው፣ ስልኩን አንስቶ የማያውቀው ዘመድ ሁሉ ወደ እናቱ ቤት ይገባል። የባለቤቴ ታላቅ ወንድምም ከአዲስ አበባ መጣ። ልጃችን ገና ሁለት ዓመት ከጥቂት ወሩ ነው፤ «ጋሼ» ማለት በዚያው ሳምንት ነበር የለመደው። ጋሼ ደግሞ ሰውን በአንድ ቀን የሚያለምድ ሰው ነው። ትከሻው ላይ ያስቀምጣል፣ ስልኩን ያስነካል፣ «ተወው፣ ልጅ ነው» ይላል። በሦስተኛው ቀን ልጁ እኔን የሚያየኝ «አንተ ደግሞ ማነህ?» በሚል ዓይን ነበር።

ያን ሳምንት ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን አጆራን ልናይ ወጣን። አጃንቾና ሶኬ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ከገደል የሚወርዱበት ፏፏቴ ነው፤ ክረምቱ ገና እንደወጣ ደግሞ ውኃው ሙሉ ነው። ከሶዶ ተነስተን አረካ ስንደርስ ሻይ ለመጠጣት ወረድን፤ እዚያ ለልጁ ቦምቦሊኖ ተገዛለት። ትኩስ፣ ክብ፣ ስኳሩ እንደተነሰነሰበት። ልጁ በሁለት እጁ ያዘው። ፊቱን ሊሸፍነው ትንሽ ነው የቀረው። አልነከሰውም፤ በመጀመሪያ ዙሪያውን ስኳሩን ላሰው። ለልጅ ቦምቦሊኖ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ የሚኖሩበት ነገር ነው።

መኪናው ሲነሳ ፈተናው ተጀመረ። አያቱ ቀደሙ። «እስቲ እማማን አቅምስ!» ዘረጋ። «ም'ም'ም!» ተመለሰለት፤ ተጨበጨበ። ቀጥሎ አክስቱ። «ም'ም'ም!» ተመለሰለት። ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወት አይቶ «እኔስ፣ ሾፌሩን ትረሳለህ?» አለው። ልጁ ከእናቱ ጉልበት ላይ ተንጠራርቶ የሾፌሩን ጆሮ በስኳር ቀባለት። «ም'ም'ም» አለ ሾፌሩ። እንዲህ ያለ ለጋስነት በመኪና ውስጥ ታይቶ አይታወቅም። አያቱ በወላይትኛ መረቁት፤ የሚሰጥ እጅ አይድረቅ የሚል ዓይነት ምርቃት ነው።

ጋሼ በዚህ ጊዜ ከሾፌሩ ጋር በእግር ኳስ ክለባቸው በወላይታ ድቻ ወሬ ተጠምዶ ነበር። ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክን በኮንፌዴሬሽን ካፕ በመለያ ምት ያሰናበተበትን ቀን የሶዶ ሰው እንደ ሠርጉ ቀን ነው የሚያስታውሰው፤ ማን የት ቁጭ ብሎ እንዳየ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን ለማያውቀው ሰው ሁሉ ቢራ እንደጋበዘ ሳይዘነጋ። ጋሼም መለያ ምቶቹን በእጁ እየመታ፣ በእግሩ የፊቱን ወንበር እየረገጠ ሲተርክ አፉ ክፍት ነው። ልጁም ፈተናውን ሳይሰጥ የቀረው ፈታኝ እሱ ብቻ መሆኑን አይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በገዛ ፈቃዱ ቦምቦሊኖውን ወደዚያ ክፍት አፍ አስጠጋ።

ጋሼ ነከሰ።

እውነተኛ ንክሻ ነው። አኘከ፤ ዋጠ፤ ወሬውን ቀጠለ። ልጁ አላለቀሰም፤ በመጀመሪያ አላመነም። ቦምቦሊኖውን አየ። ክቡ ነገር ክብ መሆኑ ቀርቷል፤ በአንድ ጎኑ የጥርስ ምልክት ያለበት ጉድጓድ ተቆፍሮበታል። ቀጥሎ የጋሼን ፊት አየ። ጢሙ ላይ ስኳር አለ። ከዚያ ሁላችንንም ዝም ያሰኘ ነገር አደረገ፤ ትንሿን ጣቱን ወደ ጋሼ አፍ ከትቶ የታችኛውን ከንፈር ወደታች ጎተተና ወደ ውስጥ አጎንብሶ ተመለከተ። ምናልባት እዚያ ይኖር ይሆናል። የለም። ያኔ ነው ለቅሶው የመጣው።

የልጅ ለቅሶ ዓይነት አለው። የእንቅልፍ አለ፣ የረሃብ አለ፣ የማስመሰል አለ። ይህኛው የተካደ ሰው ለቅሶ ነበር። እናቱ ሙዝ አቀረበች፤ ገፋው። አክስቱ ከቦርሳዋ ከረሜላ አወጣች፤ ወረወረው። ጋሼ ራሱ ደንግጦ መኪናውን አስቁሞ ከመንገድ ዳር ሱቅ ሌላ ቦምቦሊኖ፣ ያውም ከፊተኛው የሚበልጥ፣ ገዝቶ መጣ። ልጁ አዲሱን አላየውም። በጣቱ የጋሼን አፍ እያመለከተ «ያንን!» አለ። «ያንን» ማለት ደግሞ ወደ ጋሼ ሆድ የሄደው ነው።

«ግማሹ እኮ አለ!» አለ ጋሼ፤ ነገሩ የሂሳብ መስሎት። «ደግሞ ተካፍሎ መብላት ይልመድ እንጂ! እኛ ስናድግ አንዷን ደስታ ከረሜላ ለአራት ነበር የምንካፈላት። በሸሚዛችን ጫፍ ጠቅልለን፣ በጥርሳችን ቀጭ አድርገን ሰብረን…»

«የሚሰብረው ማን ነበር?» አለች አክስቱ።

«እኔ ነበርኩ።»

«ትልቁን ስባሪ የሚያነሳውስ?»

ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞረ። እሷ ታናሽ እህቱ ናት፤ ያቺ ከረሜላ ከተሰበረች ሠላሳ ዓመት ቢያልፋትም የደረሳትን ፍርፋሪ አልረሳችም። አያት፣ ማለትም አማቴ፣ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ ነገሩን እንደ ሽማግሌ ዘጉት። «ያለቀሰው ልጅ ነው፤ የበላው አዋቂ ነው። ምስክር አያስፈልግም፣ ስኳሩ ጢሙ ላይ አለ።»

እኔ አማቴ የፈረዱት ልክ ነው ባይ ነኝ። እንዲያውም ሳይንሱም ከእሳቸው ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ላራ አክኒንና ባልደረቦቿ ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ሰብስበው ብስኩት ሰጧቸው፤ ከዚያ ለአንድ የእጅ አሻንጉሊት እንዲሰጡ አደረጓቸው። የልጆቹን ፊት ሲመረምሩ፣ ልጆቹ ከተቀበሉበት ጊዜ ይልቅ የሰጡበት ጊዜ ደስታቸው በልጦ ተገኘ፤ ከራሳቸው ድርሻ ሲሰጡ ደግሞ ይብሱን ፈካ አሉ። ስለዚህ «ልጅ በተፈጥሮው ስስታም ነው» የሚለው ወሬ ያን ያህል እውነት የለውም። ነገር ግን አሻንጉሊቱን ልብ በሉ። አሻንጉሊት አይበላም፤ የበላ ይመስላል እንጂ! ካናዳ ድረስ ሄዶ የተጠናው የእኛው የአያቶች «ም'ም'ም» ነው። ሳይንቲስቶቹ በአሻንጉሊቱ ፋንታ ጋሼን አስቀምጠው ቢሆን ኖሮ ጥናቱ ሌላ ውጤት ያመጣ ነበር።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኧርንስት ፌርና ባልደረቦቹ በስዊዘርላንድ ልጆች ላይ ያደረጉት ጥናት እንዳሳየው፣ ከረሜላ አከፋፍሉ ሲባሉ ሦስትና አራት ዓመት ያሉት አብዛኞቹ ለራሳቸው ያደላሉ፤ ሰባትና ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ግን አብዛኞቹ እኩል ይሁን ይላሉ። እንግዲህ የእኛ ልጅ ለእኩልነት ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል። ጋሼ ግን አርባውን አልፏል።

አዋቂዎች እንዴት እንደምንካፈል ማየት የፈለገ ሰው ቅርጫ ላይ ይገኝ። ለጊፋታ ወላይታ ከወራት በፊት ነው የሚዘጋጀው። ወንዶቹ ለበሬው ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶቹ ቅቤ። በሬው ታርዶ በእንሰት ቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ሲደረደር የሚታየው ጥንቃቄ ወርቅ ቤት ውስጥ አይታይም። ከሻኛው ለሁሉም፣ ከጎድኑ ለሁሉም፣ ከጉበቱ ለሁሉም። አንዱ መደብ ትንሽ ጎደል ካለ ከሌላው ይቆረስና ይጨመርበታል፤ «አይ፣ አሁን ደግሞ ያኛው አነሰ» ይባላል፤ ተመልሶ ይነሳል። የዕድሜ ልክ ጎረቤት፣ የክርስትና አባት፣ በደስታም በሐዘንም የማይለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ግን ማንም ማንንም «አንተ ደስ ያለህን አንሳ» አይለውም። ዕጣ ይጣላል። እያንዳንዱ የየራሱን ምልክት፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ሳንቲም፣ ይሰጥና የማን እንደሆነ ያላየ ሰው በየመደቡ ላይ እንዲያስቀምጠው ይደረጋል። አንዳንዴ ለዚህ ሥራ ልጅ ይጠራል። እኛ ጋ ዘንድሮ የተጠራው ማን ይመስላችኋል? ያ የቦምቦሊኖው ልጅ ነው! «እሱ አያዳላም» ተባለ። በሥጋው ጊዜ ዳኛ አድርገን የሾምነውን ሰው በዚያው ሳምንት መኪና ውስጥ «ተካፍሎ መብላት ይልመድ» አልነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በሰባት አገሮች የተደረገ አንድ ጥናት የልጆች «ለእኔ ለምን አነሰኝ?» የሚለው ቅሬታ በሁሉም አገር እንዳለ አሳይቷል፤ «ለእኔ ለምን በዛ?» የሚል ቅሬታ ግን የታየው በካናዳ፣ በአሜሪካና በዩጋንዳ ልጆች ብቻ ነው። ኢትዮጵያ በጥናቱ ውስጥ አልነበረችም። ብትኖር ምን እንደሚገኝ ለመገመት አልደፍርም፤ ይሁንና ቅርጫ ላይ ተነስቶ «ጎበዝ፣ የእኔ መደብ በዝቷልና ቀንሱልኝ» ያለ ሰው በሕይወቴ አላየሁም።

አጆራ ደረስን። ስለ ፏፏቴው ብዙ ልል አልችልም፤ ያየሁት በጀርባዬ ነው። ሁላችንም ፊታችንን ወደ ልጁ፣ ጀርባችንን ወደ ገደሉ አዙረን «እየው ውኃውን! እየው ወፉን!» ስንል ነው የዋልነው። ፎቶ ተነሳን፤ በፎቶው ላይ ከኋላችን ሁለት ነጭ ውኃ ይወርዳል፣ ከፊታችን አንድ ልጅ አፉን ከፍቶ ያለቅሳል፣ ጋሼ ከዳር ቆሞ የተበላውን ቦምቦሊኖ ቅሪት ይዞ ይታያል። ልጁ እንዳይጣል ብሎ አስይዞት ነው። መብላትም አይፈቀድለትም፤ መጣልም አይፈቀድለትም። ቅጣት እንዲህ ነው።

ስንመለስ ጋሼ «ሶዶ መጥቼ ሥጋ ቤት ሳልገባማ አልመለስም» አለ፤ ቤት የቅርጫው ሥጋ ሳያልቅ። ግን እንግዳ ነው፤ ገባን። ጥሬ ሥጋው በኪሎ ተመዝኖ መጣ፤ ዳጣው፣ ሚጥሚጣው፣ ቢላው ተደረደረ። አንድ ትሪ ላይ ስድስት ሰው ሲበላ ለሚያይ ከዚህ የበለጠ መካፈል በምድር ላይ ያለ አይመስለውም። ዝቅ ብሎ ላስተዋለ ግን ሌላ ነው። እጅ የሚሄደው ወደ አቅራቢያው ሥጋ ቢሆንም ዓይን የሚሄደው ወደ ጮማው ነው። ጮማውን አማቴ በጣታቸው ወደ ጋሼ ገፋ አደረጉለት፤ ጋሼ ወደ እኔ መለሰው፤ እኔ ወደ አማቴ። ሦስት ዙር ዞረ። ማናችንም እንዲመለስልን እንጂ እንዲወሰድብን አልነበረም የምንጋብዘው። እኛም «ም'ም'ም» ላይ ነበርን ማለት ነው።

ከዚያ ሂሳቡ መጣ።

አስተናጋጇ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ከማስቀመጧ ጋሼ ላፍ አደረጋት። እኔ እጁን ያዝኩ። «ተው እንጂ! እንግዳ አይከፍልም!» «ሞቼ እገኛለሁ!» «በእናትህ!» «ልቀቅ ብዬሃለሁ፣ የኔ ነው!» «የኔ ነው!» «የኔ ነው አልኩህ!» ብርጭቆ ተደፋ፤ ወረቀቷ ለሁለት ተቀደደች። አስተናጋጇ የለመደችው ነገር ስለሆነ ግድግዳ ተደግፋ አሸናፊው እስኪለይ ጠበቀች። አማቴ በመካከሉ በዝግታ ተነስተው ካሸሩ ጋ ሄደው ከፍለው መጡ።

ልጁ ይህን ሁሉ ከእናቱ ጉልበት ላይ ሆኖ ሲያይ ነበር። ለቅሶውን አቁሟል። ባለቤቴ ወሩን ሙሉ «ይሄ ልጅ ‹የኔ ነው!› ማለትን ከየት ተማረው? ከጎረቤት ልጆች ነው» ስትል ከርማለች። ያን ቀን ከእኔ ወደ ወንድሟ፣ ከወንድሟ ወደ እኔ አየችና የጎረቤት ልጆችን ጉዳይ ለዘለዓለም ዘጋችው። ልጅ ቃላችንን አይደለም የሚያጠናው፤ ፊታችንን ነው። አዋቂዎች ዓይናቸው ፈጥጦ፣ ወረቀት ለሁለት እየጎተቱ «የኔ ነው» ሲሉ ያየ ልጅ፣ አንዱ ለመስጠት ሌላውም ለመስጠት እንደሚታገል በምን ያውቃል? እሱ የሚያየው ጉተታውን ነው። ጎበዝ ተማሪ ስለሆነ ደግሞ በማግስቱ በኳሱ ላይ ይሞክረዋል።

ከሥጋ ቤቱ ስንወጣ ጋሼ ያን በመንገድ የገዛውን፣ ሳይነካ የዋለውን ትልቁን ቦምቦሊኖ ከኪሱ አወጣ። ጠፍጠፍ ብሏል፣ ስኳሩም ረግፏል። ልጁ ግን ተቀበለው። ወደ አያቱ ዘረጋ፤ «ም'ም'ም» አሉ፤ ተመለሰለት። ወደ አክስቱ፤ ተመለሰለት። ከዚያ ጋሼ ተራው ደረሰ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ጋሼ ጎንበስ ብሎ፣ ከንፈሩን በሁለት ጣቱ ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ እንደማይከፍተው በተግባር እያሳየ ፊቱን አቀረበ። ልጁ ቦምቦሊኖውን ዘረጋ፤ ከጋሼ አፍንጫ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አቆመው። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ራሱ በጋሼ ፋንታ «ም'ም'ም!» አለና እጁን ሰብስቦ ቦምቦሊኖውን ወደ ራሱ አፍ ከተተው። ጎን ለጎንም በነፃ እጁ ለራሱ አጨበጨበ።

እንግዲህ በመጪው በዓል ወደየቤተሰባችሁ የምትገቡ አጎቶች ሆይ፣ ልጅ ፊት ስትቀመጡ «አቅምሰኝ» ብትሉም ባትሉም አፋችሁን ዝጉ። የእግር ኳስ ወሬ ካለባችሁ ከልጁ ራቅ ብላችሁ አውሩ። መብላት ካማራችሁ ደግሞ አረካም ሆነ ሶዶ ቦምቦሊኖ በየሻይ ቤቱ አለ፤ ሁለት ግዙ።